ደርቆ የሚሸና ሕመምተኛ፦ ከኩላሊት የሚነሣው የዲያቤቲስ ኢንሲፒደስ መንስኤና ሕክምና፣ ከደባርቅ፣ ከዳባትና ከስሜን ግርጌ አንጻር

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ሰውነቱ ውሃ ያጣ ሰው ሽንቱ ያንሳል፤ ቀለሙም ይጠቁራል። ይህ ማንኛውም የጤና ባለሙያ በትምህርቱ መጀመሪያ የሚማረው፣ ማንኛዋም እናት ልጅ ስታሳድግ በዓይኗ ያየችው ነገር ነው። ስለዚህ አፉ የደረቀ፣ ዓይኑ የጎደጎደ፣ ቆዳው ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ የማይመለስ ሕመምተኛ፣ በዚያው ሰዓት እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ሽንት በብዛት የሚሸና ከሆነ፣ ሁኔታው ከተለመደው ሕግ የወጣ ነው ማለት ነው። የዚህ ንግግር ጉዳይ ይኸው ከሕግ የወጣ ሁኔታ ነው። በሕክምና ቋንቋ ኔፍሮጄኒክ ዲያቤቲስ ኢንሲፒደስ ይባላል። ትርጉሙም ከኩላሊት የሚነሣ፣ ስኳር የሌለበት የሽንት ብዛት ማለት ነው። በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በዘር የሚተላለፈው ዓይነት በዓለም ላይ ብርቅ ነው፤ ከአንድ ሚሊዮን ወንዶች ልጆች መካከል የሚታየው ከ10 በማይበልጡት ላይ ነው። ታዲያ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በደባርቅ፣ ወይም ከእርሷ በፊት በምትደረሰው በዳባት፣ ወይም በስሜን ተራራ ግርጌ ባሉት የገጠር ጤና ጣቢያዎች ለሚሠራ ባለሙያ ይህ ዕውቀት ምን ይረባዋል የሚል ጥያቄ ቢነሣ፣ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም ሁለት ነው። አንደኛ፣ በመድኃኒትና በሌላ ሕመም ጠንቅ የሚመጣው ዓይነት እንደዚያኛው ብርቅ አይደለም፤ የሚመጣበትም መንገድ በዚሁ አካባቢ ክፍት ነው። ሁለተኛ፣ ይህን በሽታ የማያውቅ ባለሙያ በቅን ልቦና የሚያደርገው ነገር፣ ማለትም ውሃ መከልከሉም ሆነ ጨው ያለበትን ፈሳሽ መስጠቱ፣ ሕመምተኛውን ወደ ሞት ሊገፋው ይችላል።

ስለ ስሙ

ዲያቤቲስ የሚለው ቃል ከግሪክ የተወሰደ ሲሆን፣ ሳይቆይ አልፎ መፍሰስን ያመለክታል። በ17ኛው መቶ ዘመን እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ የአንዳንድ ሕመምተኞች ሽንት እንደ ማር የሚጣፍጥ መሆኑን ጻፈ። ከጊዜ በኋላ ሽንታቸው የማይጣፍጠው ሕመምተኞች ከሌሎቹ ተለይተው፣ ሕመማቸው ኢንሲፒደስ፣ ማለትም ጣዕም የለሽ ተባለ። ጣዕም የለሹም ቢሆን ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው አንጎል ሽንትን የሚቀንሰውን ሆርሞን አያመነጭም፤ በሁለተኛው ሆርሞኑ ይመነጫል፣ ነገር ግን ኩላሊት አይታዘዝለትም። ለዚህ ለሁለተኛው ዓይነት ኔፍሮጄኒክ የሚለውን ቅጽል በ1947 የሰጡት ዊሊያምስና ሄንሪ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ናቸው።

በ2022 የተለያዩ አገሮች የሆርሞን ሐኪሞች ማኅበራት ተመካክረው ስሙ እንዲለወጥ ሐሳብ አቀረቡ። የመጀመሪያው ዓይነት የቫሶፕሬሲን እጥረት፣ ሁለተኛው ደግሞ ለቫሶፕሬሲን አለመታዘዝ የሚል ትርጉም ያለው ስም እንዲይዝ ነው። ይህን ያነሣሣው የቃላት ምርጫ ብቻ አልነበረም። ዲያቤቲስ የሚለውን ቃል የሰሙ ባለሙያዎች ሕመምተኛውን በስኳር በሽተኛነት እየቆጠሩ፣ የሚያስፈልገውን መድኃኒትና ውሃ የነፈጉባቸው አጋጣሚዎች ነበሩ። በ2009 በለንደን ከተማ አንድ የ22 ዓመት ወጣት ለአጥንት ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ ሆርሞኑን የሚተካው መድኃኒት ሳይሰጠው በመቅረቱ በውሃ እጦት ሞተ። ወጣቱ ከአልጋው ላይ ሆኖ ውሃ እንዲያስሰጡት ለፖሊስ ስልክ እስከ መደወል ደርሶ ነበር። የእርሱ ሕመም ከአንጎል የሚነሣው ዓይነት ቢሆንም ትምህርቱ ለሁለቱም አንድ ነው። በመሣሪያም በባለሙያም በተሟላ ከተማ ውስጥ ይህ ከደረሰ፣ መሣሪያ በጎደለበት አካባቢ ለሕመምተኛው የሚቀረው ዋስትና የባለሙያው ንቃት ነው።

ኩላሊት ትእዛዝን እንዴት እንደሚቀበል

ጤናማ ኩላሊቶች በ24 ሰዓት ውስጥ 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ። ከዚህ ውስጥ አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ የኩላሊት ቱቦዎች ውስጥ ያለ ምንም ትእዛዝ ወደ ደም ይመለሳል። ወደ መጨረሻዎቹ ቱቦዎች የሚደርሰው 18 ሊትር ያህል ሲሆን፣ የዚህ ዕጣ የሚወሰነው ቫሶፕሬሲን በተባለው ሆርሞን ነው። ደም ውስጥ ያለው ጨው ከፍ ሲል አንጎል ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ያደርጋል፤ ጥማትን ያስነሣል፣ ቫሶፕሬሲንንም ይለቃል። ሆርሞኑ በቱቦዎቹ ሕዋሳት ላይ ካለው ተቀባይ ጋር ሲገናኝ፣ አኳፖሪን 2 የተባሉት የውሃ በሮች ከሕዋሱ ውስጥ ወጥተው በቱቦው ግድግዳ ላይ ይሰለፋሉ። ውሃውም በእነርሱ አልፎ ወደ ደም ይመለሳል። የመጀመሪያው የውሃ በር የታወቀው በ1992 ሲሆን፣ ያገኘው ፒተር አግሬ በ2003 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማትን ተካፍሏል።

እንግዲህ ተቀባዩ ወይም በሩ ከተበላሸ ትእዛዙ ቢደጋገምም ፍሬ የለውም፤ ውሃው ይፈሳል። በዚህ ጊዜ ሕመምተኛውን በሕይወት የሚያቆየው ጥማቱ ብቻ ነው። 10 ሊትር የሚሸና ሰው 10 ሊትር ከጠጣ በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ሳይዛባ ሥራውን ሊሠራ ይችላል። አደጋው የሚመጣው ጥማቱ ውሃ የማያገኝበት ጊዜ ሲመጣ ነው። ሕፃን ጠማኝ ብሎ አይናገርም፤ ራሱን የሳተም አይጠይቅም፤ ለቀዶ ሕክምና የተዘጋጀው እንዳይጠጣ ይታዘዛል። የዚህ በሽታ ሕክምና ሁሉ መነሻው ይህ ነው።

በዘር የሚመጣው

በዘር ከሚመጣው ውስጥ ከመቶ 90 ያህሉ የሚነሣው በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ካለው የተቀባዩ ጂን ጉድለት ነው። ወንድ ልጅ ያለው የኤክስ ክሮሞዞም አንድ ብቻ ስለሆነ በሽታው የሚጠናበት በእርሱ ላይ ነው። እናት ጉድለቱን ተሸክማ ራሷ ጤነኛ ልትሆን፣ ወይም መጠነኛ ጥማት ብቻ ሊኖራት ይችላል። የቀረው ከመቶ 10 ያህሉ የውሃ በሩ ጂን ጉድለት ነው። ይህም በአብዛኛው የሚታየው ልጁ ጉድለቱን ከአባቱም ከእናቱም ሲወርስ ነው።

በሰሜን አሜሪካ በሽታው ባለባቸው ቤተሰቦች ዘንድ ይነገር የነበረ አንድ አፈ ታሪክ አለ። አንዲት መንገደኛ ለተጠማ ልጇ ውሃ ለምና የከለከለቻትን የቤት እመቤት፣ ወንዶች ልጆችሽ በውሃ ጥም ይንገብገቡ፣ ርግማኑም በሴቶች ልጆችሽ በኩል ይተላለፍ ብላ ረገመቻት ይባላል። በ1969 ቦደና ክሮፈርድ የተባሉ ሐኪሞች ይህን ታሪክ አንሥተው፣ በሽታው ሆፕዌል በተባለች መርከብ በ1761 ወደ ኖቫ ስኮሺያ ከገቡ ስደተኞች የመጣ ሊሆን ይችላል የሚል ግምት አቀረቡ። በኋላ የጂን ምርመራ ሲደረግ ቤተሰቦቹ ልዩ ልዩ ጉድለት ያላቸው ሆነው ስለተገኙ ሁሉም ከአንድ ሰው አልተወለዱም ተባለ። ሆኖም አፈ ታሪኩ የዘሩን መንገድ በትክክል ተመልክቷል፤ በሽታው በጤነኛ ሴቶች ልጆች በኩል አልፎ በወንዶች የልጅ ልጆች ላይ ይገለጣልና።

በአማራው ዘንድ ለጋብቻ ሰባት ቤት የመቁጠር ሥርዓት ከጥንት ጀምሮ የጸና ነው። ይህ ሥርዓት ከሁለቱም ወላጆች መወረስ ያለባቸውን በሽታዎች ስለሚቀንስ የውሃ በሩን ጉድለት ከብርቅም ብርቅ ሊያደርገው ይችላል። በእናት ብቻ የሚተላለፈውን ዓይነት ግን የዘር ቆጠራ አያግደውም። ስለዚህ የቤተሰብ ታሪክ በሚጠየቅበት ጊዜ ጥያቄው በአባት በኩል ብቻ መቆም የለበትም። በእናቲቱ ወንድሞችና አጎቶች መካከል ውሃ ከአጠገቡ የማይለይ ሰው ነበር ወይ፣ ትኩሳት ይዞት በሕፃንነቱ የሞተ ወንድ ልጅ ነበር ወይ ተብሎ መጠየቅ አለበት።

በዘር የመጣው ብዙውን ጊዜ የሚገለጠው በመጀመሪያው ዓመት ነው። የእናት ጡት ወተት በኩላሊት የሚወገድ ጨውና የፕሮቲን ትርፍ ጥቂት ብቻ ስላለው፣ ጡት የሚጠባው ሕፃን ለጊዜው ደኅና ሊመስል ይችላል። የላም ወተት ሲጀምር ግን የሚወገደው ስለሚበዛ ውሃው ተከትሎ ይፈሳል። ሕፃኑ ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ይመላለስበታል፤ ያስታውከዋል፤ ሆዱ ይደርቃል፤ ክብደቱ አይጨምርም፤ ወተት ሲሰጠው ያስመልሳል፣ ውሃ ሲያገኝ ግን በጉጉት ይጠጣል። በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ደጋግሞ ከፍ ካለ አንጎል ይጎዳል፤ በጊዜ የታወቀለት ልጅ ግን እንደ እኩዮቹ ሊያድግ ይችላል።

በሕይወት ዘመን የሚመጣው፦ ከቆላ የተመለሰ ሠራተኛ

በስሜን ግርጌና በወገራ ደጋ የሚኖረው ገበሬ ኑሮው በገብስና በከብት ላይ የተመሠረተ ነው። መሬቱ ጠባብ በመሆኑ ብዙ ወጣቶች ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ቆላ ይወርዳሉ። ከዚያ የሚያመጡት ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ወባና ካላዛርም ይዘው ይመለሳሉ። በሑመራና በመተማ ቆላ ካላዛር ከ1970ዎቹ ጀምሮ በተለይ ከደጋ በወረዱ የእርሻ ሠራተኞች ላይ ሲበረታ ኖሯል። በ2005 ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በሊቦ ከምከም የተገኘው ወረርሽኝ ደግሞ ከቆላ ከተመለሱ ሠራተኞች ጋር የተያያዘ ነው ተብሎ ይታመናል። ወረርሽኙ ከመታወቁ በፊት መድኃኒት ያልበገረው ወባ ተደርጎ ተገምቶ ነበር።

ለካላዛር ሕክምና በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ የመጀመሪያው ምርጫ ሆነው የቆዩት ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን ሲሆኑ፣ በጋራ ለ17 ቀን በመርፌ ይሰጣሉ። ሕመሙ ለጸናበት፣ ለነፍሰ ጡርና በተለይም ኤችአይቪ በደሙ ላለበት ሰው ግን በስብ ቅንጣት የተሸፈነው አምፎተሪሲን ቢ ይመረጣል። ይህ መድኃኒት የብዙዎችን ሕይወት አትርፏል፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያለው የሊሽማንያ ምርምርና ሕክምና ማዕከልም በዚህ ረገድ ብዙ ሠርቷል። ነገር ግን አምፎተሪሲን የኩላሊት ቱቦ ሕዋሳትን ቆዳ ስለሚበሳ ፖታሲየምና ማግኒዚየም በሽንት ይወጣሉ፤ ቱቦዎቹም ለቫሶፕሬሲን የሚያሳዩት ታዛዥነት ይቀንሳል። በስብ የተሸፈነው ዓይነት ከጥንቱ ያነሰ ጉዳት ያደርሳል እንጂ ከጉዳት ፈጽሞ ነጻ አይደለም። የፖታሲየም ማነስ ደግሞ በራሱ የውሃ በሮችን ያሳንሳል።

በዚህ ላይ ኤችአይቪ ያለበት ሰው በየቀኑ ከሚወስዳቸው መድኃኒቶች አንዱ ቴኖፎቪር ነው። ቴኖፎቪር በጥቂት ሰዎች ላይ የመጀመሪያዎቹን የኩላሊት ቱቦዎች ይጎዳል፤ አልፎ አልፎም የሽንት ብዛትን እንደሚያመጣ ታይቷል። እንግዲህ በሐሳብ አንድ ሠራተኛ ይታይ። ካላዛርና ኤችአይቪ አሉበት፤ አምፎተሪሲን ወስዷል፤ ቴኖፎቪር ይወስዳል፤ አስታውኮታል፤ በልቶም አያውቅም። ሦስትና አራት መንስኤዎች በአንድ ኩላሊት ላይ ተደራረቡ ማለት ነው። ሕክምናውን ጨርሶ ወደ ደባርቅ ወይም ወደ ዳባት በተመለሰ በሳምንቱ ሌሊት አምስት ጊዜ እየተነሣ እንደሚሸና ቢናገር፣ ነገሩን ከድካም ወይም ከብርድ ጋር ብቻ ማያያዝ ስሕተት ነው። መድኃኒቱ ዝርዝር ውስጥ መኖሩ መጠየቅ፣ ፖታሲየሙም መመርመር አለበት።

በዚህ ሰው ላይ አንድ ሌላ ወጥመድም አለ። ቴኖፎቪር ቱቦውን ሲጎዳ፣ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ትክክል ሆኖ ሳለ በሽንት ውስጥ ስኳር ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ሽንት ብቻ አይቶ የስኳር በሽታ ነው ከማለት በፊት የደሙን ስኳር መለካት ግድ ነው።

በዓለም ላይ ከመድኃኒቶች ሁሉ ይህን በሽታ በብዛት የሚያመጣው ሊቲየም ነው። ሊቲየም ስሜቱ ከከፍተኛ ደስታ ወደ ከባድ ኀዘን ለሚዋዥቅ ሕመምተኛ የታወቀ መድኃኒት ሲሆን፣ ለብዙ ዓመት ከወሰዱት ሰዎች መካከል ከመቶ 20 ያህሉ ግልጽ የሽንት ብዛት ይታይባቸዋል። የአእምሮ ሕክምና ከአዲስ አበባው ከአማኑኤል ሆስፒታል አልፎ ወደ ክፍለ አገሩ በተስፋፋ ቁጥር ሊቲየምም አብሮ ይስፋፋል። እንዲህ ያለው ሕመምተኛ ውሃ ሲያበዛ የአእምሮው ሕመም ተነሣበት ተብሎ ውሃ እንዳይከለከል ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ከእነዚህ ሌላ በደም ውስጥ የካልሲየም መብዛት፣ የቆየ የኩላሊት ድካምና የሽንት መንገድ መዘጋት ይገኙበታል። በተለይ ፕሮስቴት ዕጢያቸው አድጎ ሽንት የከለከላቸው አዛውንት፣ በቱቦ ሽንታቸው ከወጣላቸው በኋላ በሚቀጥሉት ቀናት ብዙ ሊትር ሊሸኑ ይችላሉ። ሽንቱ ወጣ ተብሎ ወዲያው ወደ ቤታቸው ከመሸኘት ይልቅ፣ የሚወጣውን እየለኩ የጎደለውን መተካት ይገባል።

ባለው መሣሪያ እንዴት ይለያል

የመጀመሪያው ምርመራ ጥያቄ ነው። እማማ ማታ ስንት ጊዜ ይነሣሉ፣ ከአልጋዎ አጠገብ ውሃ ያስቀምጣሉ ወይ፣ የሚጠጡት ቢዘገይ ምን ይሰማዎታል ተብሎ በአክብሮት ሲጠየቅ መልሱ ብዙ ይናገራል። ሁለተኛው መለኪያ ጀሪካን ነው። ልኩ በታወቀ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን የ24 ሰዓት ሽንት ይጠራቀማል። ለአዋቂ ሰው ከ3 ሊትር በላይ ከሆነ እውነተኛ የሽንት ብዛት ነው፤ ቶሎ ቶሎ ጥቂት ጥቂት መሽናት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሦስተኛው የሽንት መመርመሪያ ወረቀት ነው። ብዙ መስክ ባለው ወረቀት ላይ የስኳሩና የፕሮቲኑ ቀለም ከታየ በኋላ የጥግግቱ መስክ ሳይነበብ ሊያልፍ ይችላል። ስኳር ሳይኖር ጥግግቱ 1.005 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ፣ ሕመምተኛውም የደረቀ ከሆነ፣ ኩላሊት ትእዛዝ አልሰማም ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ አንድ ጥንቃቄ አለ። ከልማድ፣ ከአእምሮ ሕመም፣ ወይም ለፈውስ ብሎ ጸበል በብዛት ከመጠጣት የተነሣ ውሃ የሚያበዛ ሰውም ሽንቱ የቀጠነ ይሆናል። ሁለቱን የሚለያቸው የደም ሶዲየም ነው። ብዙ በመጠጣት የቀጠነ ከሆነ ሶዲየሙ ወደ ታች ያዘነብላል፤ ውሃ በመፍሰሱ ከሆነ ወደ ላይ፣ ከ145 ሚሊሞል በላይ ይወጣል። ይህ ምርመራ በየጤና ጣቢያው ስለማይገኝ ሕመምተኛውን ወደ ሆስፒታል መላክ ያስፈልጋል። በሚላክበትም ጊዜ በመንገድ ላይ የሚጠጣው ውሃ አብሮት መሆን አለበት።

ውሃ ከልክሎ የመመርመር ዘዴ ያለ ላቦራቶሪ የሚሞከር አይደለም። በሆስፒታል ሲደረግ ሕመምተኛው በየሰዓቱ ይመዘናል፤ ክብደቱ ከመቶ 3 ከቀነሰ ወይም ሶዲየሙ ከፍ ካለ ምርመራው ይቋረጣል። ከዚያም ዴስሞፕሬሲን የተባለው የሆርሞን ምትክ ይሰጣል። ሽንቱ ከወፈረ ጉድለቱ የአንጎል ነው፤ ባለበት ከቀረ ጉድለቱ የኩላሊት ነው። ሶዲየሙ አስቀድሞ ከፍ ያለበትን ሰው፣ በተለይም ሕፃንን፣ ውሃ ከልክሎ መመርመር አያስፈልግም፤ አይገባምም።

ስለ ሕክምናው

የሕክምናው መጀመሪያ መንስኤውን ማስወገድ ነው። ፖታሲየም ከጎደለ ይተካል፤ ካልሲየም ከበዛ ምክንያቱ ይፈለጋል፤ መድኃኒት ከሆነ ያዘዘውን ሐኪም በማማከር ይለወጣል። ቱቦዎቹ ከፖታሲየም ማነስ ለማገገም ሳምንታት ሊወስድባቸው ይችላል፤ ሊቲየም ለብዙ ዓመት ሲወሰድ የቆየ ከሆነ ግን ጉዳቱ ላይመለስ ይችላል።

ሁለተኛው የጨው ጉዳይ ሲሆን፣ ይህ በሒሳብ የሚታይ ነው። ሰው በቀን 800 ሚሊኦስሞል ያህል የሟሟ ነገር በሽንቱ ማስወገድ ቢኖርበት፣ ሽንቱን እስከ 1,000 ድረስ ማወፈር የሚችል ጤናማ ኩላሊት ከአንድ ሊትር ባነሰ ውሃ ይጨርሰዋል። ከ100 በላይ ማወፈር የማይችል ኩላሊት ግን 8 ሊትር ያስፈልገዋል። የሚወገደው ወደ 500 ቢወርድ ውሃውም ወደ 5 ሊትር ይወርዳል። አንድ ግራም ጨው 34 ሚሊኦስሞል ስለሚያህል፣ እንዲህ ያለው ሰው ለሚበላው ለእያንዳንዱ ግራም ጨው አንድ ሦስተኛ ሊትር ውሃ ይከፍላል። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ሁለት ሊትር ያህል ሽንት ነው። ውሃ በጀሪካን ተሸክሞ ከምንጭ በሚመጣበት ቤት፣ ጨው የቀነሰ ወጥ ማለት የእናቲቱ ወይም የልጅቷ ጀርባ ያረፈበት ሸክም ማለት ነው። ስለዚህ ለቤተሰቡ የሚሰጠው ምክር፣ የሕመምተኛው ድርሻ ጨውና በርበሬ ሳይገባበት አስቀድሞ ይቀነስለት የሚል ቢሆን ይፈጸማል። ለሚያድግ ልጅ ግን ፕሮቲኑን ከመጠን በላይ መቀነስ እድገቱን ስለሚጎዳ አይመከርም።

ሦስተኛው መድኃኒት ነው። ለደም ግፊት የሚታወቀውና ሽንትን የሚጨምረው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ በዚህ በሽታ ሽንትን ይቀንሳል። ይህ ተቃራኒ የሚመስል ነገር በ1959 ክሮፈርድና ኬኔዲ በተባሉ ሐኪሞች የተገለጠ ነው። መድኃኒቱ ጨው በሽንት እንዲወጣ ሲያደርግ የሰውነት ፈሳሽ በጥቂቱ ይቀንሳል፤ በዚህን ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ቱቦዎች፣ ትእዛዝ የማያስፈልጋቸው፣ ጨውና ውሃን አብዝተው ይመልሳሉ። ወደ ተበላሹት ቱቦዎች የሚደርሰው ውሃ ስለሚያንስ የሚፈሰውም ያንሳል። ሽንቱ እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል፤ ይህ የሚሆነው ግን ጨው ከተቀነሰ ብቻ ነው። ለአዋቂ 25 ሚሊግራም በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይሰጣል። ፖታሲየምን ስለሚያወርድ ክትትል ያስፈልጋል፤ ደባርቅ በብዛት የምታበቅለው ድንችም በዚህ ረገድ ጥሩ ምግብ ነው። ሊቲየም የሚወስድ ሰው ታያዛይድ ቢሰጠው ሊቲየሙ በደም ውስጥ ተከማችቶ ሊመርዘው ይችላል። ለእርሱ የሚመረጠው ሊቲየም ወደ ሕዋሱ የሚገባበትን በር የሚዘጋው አሚሎራይድ ነው። ኢንዶሜታሲንም ሽንትን ይቀንሳል፤ ጨጓራንና ኩላሊትን ስለሚጎዳ ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ አይደለም።

አራተኛውና በድንገተኛ ጊዜ ሕይወትን የሚወስነው የፈሳሹ ዓይነት ነው። በሀገራችን የሚደርቁ ሕፃናት ዋና ሕመማቸው ተቅማጥ ነው፤ ለእነርሱ በሊትር 75 ሚሊሞል ሶዲየም ያለው የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ብዙ ነፍስ አድኗል። ይህ ንግግር ያንን ለማሳነስ አይደለም። ነገር ግን ተቅማጥ ሳይኖረው የደረቀና ጨርቁ ሁልጊዜ የሚርስ ሕፃን ሌላ ነው። ለእርሱ ጨው ያለበት ፈሳሽ ሲደጋገም ጨው ይቀራል፣ ውሃው ይወጣል፤ ሶዲየሙም ይበልጥ ይወጣል። መጠጣት የሚችል ከሆነ የእናት ጡትና የፈላ ንጹሕ ውሃ በየሰዓቱ ይሰጠው። በደም ሥር መስጠት ካስፈለገ የሚመረጠው 5 በመቶ ዴክስትሮስ ነው፤ መጠኑም ከሚሸናው ጋር እየተመዛዘነ፣ የደሙ ስኳርም እየተለካ ይሰጣል፤ ስኳሩ ከበዛ እርሱ ራሱ ሽንት ይጨምራልና። ሶዲየሙ በ24 ሰዓት ከ10 ሚሊሞል በላይ እንዳይወርድ ይጠበቃል፤ በፍጥነት ቢወርድ አንጎል ሊያብጥ ይችላል። ሕመምተኛው የደም ዝውውሩ ከደከመ ግን መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ሰው በሳላይን ይረዳል፤ ወደ ዴክስትሮስ የሚዞረው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለ ጾምና ስለ ጸበል

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ጾም እህልንና ውሃን እስከ ተወሰነ ሰዓት መተውን ይጠይቃል። በደጋው ሕዝብ ዘንድ በፍልሰታ ሕፃናት እንኳ ይጾማሉ። በዚህ በሽታ የተያዘ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይጠጣ ቢቆይ ብዙ ሊትር ፈስሶበት ሊወድቅ ይችላል። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ምክንያቱን አይታ ታሰናብታለች። ስለዚህ ባለሙያው ሕመምተኛውን ጾም ተው ከማለት ይልቅ፣ ከንስሐ አባቱ ጋር ተነጋግሮ ከውሃው ብቻ እንዲሰናበት ቢያደርግ፣ ሰውየው ከሕክምናውም ከእምነቱም ሳይለይ ይኖራል። ጸበል ቦታ የሚከርም ከሆነም እንደዚሁ ነው። ውሃው አይጎዳውም፤ የሚጎዳው መድኃኒቱን መተውና የሚከለከልበት ሰዓት መርዘም ነው።

ለቀዶ ሕክምና የሚዘጋጅ ሕመምተኛም ከሌሊት ጀምሮ አትጠጣ ሲባል በደም ሥሩ ዴክስትሮስ ሊጀመርለት ይገባል። ይህን በሕመምተኛው ካርድ ላይ በትልቅ ፊደል መጻፍ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ለማጠቃለል

በዳባት ከ1996 ጀምሮ የቤተሰቦችን ልደትና ሞት የሚመዘግብ የጥናት ጣቢያ አለ። እንዲህ ያለው መዝገብ ሲገለጥ፣ በእናት በኩል ወንዶች ሕፃናት በትኩሳትና በድርቀት የተደጋገሙበት ቤት ቢገኝ፣ አንድ ጥያቄ መጨመር ይቻላል፤ ልጁ ሲሞት ጨርቁ ደረቅ ነበር ወይስ ርጥብ? እናት ይህን አትረሳም።

ክቡራን የማኅበሩ አባላት፤ ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ በልብ ቢቀር በቂ ነው። የደረቀ ሰው ሽንቱ ሊያንስ ይገባል። ካላነሰ ኩላሊቱ ለምን እንዳልታዘዘ ይጠየቅ፤ እስኪታወቅም ድረስ ውሃውን ማንም አይከልክለው። በደባርቅ ወይም በዳባት ያለች አንዲት ነርስ ጥግግቱን በአንድ ወረቀት ላይ ካነበበች፣ የጠየቀውንም ውሃ ከአልጋው አጠገብ ካስቀመጠችለት፣ ለንደን ላይ ለዚያ ወጣት ያልተደረገለትን አድርጋለች።